በሣር ላይ የተደፋ ጠጠር

ምናለሽ ተራ ውስጥ ብስክሌት የተበላሸበት ሰው ሁሉ መጨረሻው ሀፍሷ ደጃፍ ነው። ሱቋ ሱቅ ለመባል ብዙ ይቀረዋል፤ ቆርቆሮና አንድ መዝጊያ ነው። ውስጡ ግን የብስክሌት ዘር የሆነ ነገር አይታጣበትም። ጎማው ከጣሪያ ተንጠልጥሏል፣ ካቴናው በሽቦ ታስሯል፣ ኩሽኔቱ በወተት ጣሳ ሞልቷል፣ ባለቤቱ የት እንደገባ የማይታወቅ ኮርቻ ጥግ ላይ ተከምሯል። ሀፍሷ ከመካከሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ የመጣውን ገዢ ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች። አይታ ስታበቃ ነው ዋጋ የምትናገረው።

ምላሷ ከዕቃዋ ይበልጥ የታወቀ ነው። "ይሄ ጎማ ይቆያል?" ብሎ የጠየቃትን "አንተስ ትቆያለህ?" ትለዋለች። ቀንሺልኝ ያላትን "ልቀንስ ብል እዚህ ቆርቆሮ ሥር ምን ያነፍረኛል? ቤቴ ሄጄ አልተኛም?" ብላ ታሰናብተዋለች። ሰው ግን ይመለሳል። የሀፍሷ ከመነዳሪ አይተነፍስም፤ የሚተነፍስ ከሆነም አስቀድማ ራሷ ትናገራለች። እየሰደበ እውነቱን የሚነግር ነጋዴ ደግሞ እያመሰገነ ከሚያታልለው ይሻላል።

የተወለደችው ወግረት በምትባል፣ ጉራጌ አገር ኮረብታ ላይ በተቀመጠች ትንሽ መንደር ነው። ገና ልጃገረድ ሳለች አውቶቡስ ተራ ወርዳ፣ የአክስቷን ቤት ያገኘችው ከአንዱ ተሸካሚ ጋር እየተጣላች ነበር። ሰውዬው ሻንጣዋን ልሸከም ብሎ ነጠቃት፤ እሷ ደግሞ ሻንጣውን ሳትለቅ እስከ አክስቷ በር ተጎተተች። አክስቷ በሩን ከፍታ "ይቺስ ለመርካቶ ተፈጥራለች" አለች ይባላል። ኋላ ኢስሀቅ የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ አገባች፤ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ የቤቱን ንግግር ሁሉ ለእሷ ትቶላት ኖረ። ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ ሱቁን ሽጪ አላት። "ሴት ልጅ ካቴና አትቀጥልም" አሏት። እነሱ ለቅሶ ላይ እንደተቀመጡ ወጥታ ሱቁን ከፈተች፤ ካቴናም ቀጠለች፤ ልጆቿንም በዚያው ካቴና ጎትታ ለወግ ለማዕረግ አደረሰች።

ታናሽ ወንድሟን ረዲንም ያሳደገችው እዚያው በርጩማ አጠገብ ነው። ከወግረት አስመጥታ፣ ጎማ ማንሳት፣ ገዢ ማየት አስተማረችው። ረዲ ቶሎ ገባው፤ እንዲያውም ከእሷ አልፎ ሄደ። ዛሬ አዳዲስ ብስክሌት ከውጭ ያስመጣል፣ አስፋልት ዳር ባለመስታወት ሱቅ አለው፣ የወግረት ተወላጆች ማኅበርም ሊቀመንበር ነው። ወግረት ውስጥ ደግሞ ባለ ሁለት ፎቅ ቪላ ሠርቷል። ቪላው ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ፣ አረፋ ሲደርስ ይከፈትና አቧራው ይራገፋል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይቆለፋል። እንዲህ ያለ ሰው ሆኖ ሳለ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እህቱ ሱቅ መጥቶ ይቀመጣል። የራሱ ሱቅ ውስጥ የሚስቁለት ደመወዝተኞች ብቻ ናቸው፤ እህቱ ሱቅ ግን ቢያንስ አንድ ሰው በነፃ ይሰድበዋል።

በዚህ ዓመት ከአረፋ በፊት፣ ረዲ እዚያው ተቀምጦ ሳለ፣ ፋና የምትባል ወጣት ሴት ብስክሌት እየገፋች መጣች። ሰውነቷ ላይ ተለጥፎ የተሰፋ ልብስ ለብሳለች፣ ራሷ ላይ ሄልሜት ደፍታለች፣ ጉልበቷ ድረስ በጭቃ ተለቅልቃለች። ማዕረግ የተባለ ጓደኛዋም በዚያው ልብስና በዚያው ጭቃ ከኋላዋ ቆሟል።

"እትዬ፣ ለዚህ ጎማ የሚሆን ከመነዳሪ ይኖርዎታል?"

ሀፍሷ ጎማውን ሳይሆን ጭቃውን አየች። "ከየት ነው የተቆፈራችሁት?"

ፋና ሳቀች። "ከእንጦጦ ጀርባ ነው። ዳገት ስንነዳ ውለን።"

"ምን አድርሳችሁ?"

"ምንም አላደረስንም። እንዲሁ ነው፣ ለደስታ።"

"ዳቦ አልጫናችሁም?"

"የለም።"

"ደብዳቤም?"

"የለም እትዬ፣ ዝም ብለን ነው የምንነዳው። ዳገቱን ወጥተን እንወርዳለን።"

ሀፍሷ ከመነዳሪውን እያወረደች ራሷን ነቀነቀች። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እኛ ዳገት ሸሽተን እዚህ ጭስ ውስጥ ገባን፤ እናንተ ከጭሱ ወጥታችሁ ዳገት ትፈልጋላችሁ። እናቴ በዳገት ጀርባዋ ጎብጧል። እንምጣና እናቅናው ብላችሁ ቢሆን ኖሮ በነፃ እሰጣችሁ ነበር።"

ማዕረግ በመሳቅና በመቆጣት መካከል ቀረ። ፋና ግን አልተቀየመችም። ስልኳን አውጥታ በሚቀጥለው ጊዜ ሊሄዱበት ያሰቡትን አገር አሳየቻቸው፤ አስፋልት የማይነካው፣ ከኮረብታ ኮረብታ በጠጠርና በከብት መንገድ የሚያዞር ጉዞ ነው። መሐሉ ላይ አንድ መንደር አለ። ከሁለቱም ወገን ቤቶች ተሰልፈው፣ በመካከላቸው እንደ ወንዝ የሰፋ አረንጓዴ ሣር ተዘርግቷል።

ረዲ በርጩማውን ትቶ ተነሣ። "ይሄማ ወግረት ነው! ወላሂ የእኛ አገር ነው! ያ የሚታየው ጣሪያ የእኔ ነው!"

ከዚያ በኋላ ፋናና ማዕረግ የሀፍሷ ገዢዎች መሆናቸው ቀረ፤ የረዲ እንግዶች ሆኑ። ስልካቸውን ተቀበለ፣ ከአረፋ በፊት ባለው ቅዳሜ እንዲመጡ አስማላቸው፣ ማረፊያቸው ቪላው እንደሆነ አወጀ። ልጆቹ ድንኳን አለን ቢሉም አልሰማቸውም። ሀፍሷ የከመነዳሪዋን ዋጋ ለመቀበል ሦስት ጊዜ መጥራት ነበረባት።

የወግረት ማኅበር በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለ ሆቴል አዳራሽ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ፊት፣ ሴቶቹ ኋላ፣ ለስላሳ መጠጡ መሐል ላይ። ረዲ ማይክራፎን ጨብጦ፣ ወግረት የብስክሌተኞች አገር ልትሆን መሆኑን ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጭብጨባውን አመሰገነና ዋናውን ነገር አመጣ። እንግዶቹ ከብት በሚረግጠው ሣር ላይ ሲንገላቱ ማየት ለተወላጅ ውርደት ነው። ስለዚህ ጀፎረው ከመንደሩ ራስ ጀምሮ እስከ ቪላው፣ ከቪላውም እስከ መንደሩ እግር ድረስ ገረጋንቲ ጠጠር ይለብሳል።

ጀፎረ ማለት ያ የሣር መንገድ ነው። የወግረት ሰው በእሱ ላይ ይዳራል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ከብቱን ይነዳል፣ ነገሩን ይጨርሳል። የማንም አይደለም፤ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። አጥሩን ወደ እሱ የገፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ይቀጣል።

ታዲያ አዳራሽ ሙሉ የወግረት ሰው ይሄን እያወቀ ለምን አጨበጨበ? ጠጠር ስለተባለ ነው። በአባቶቻቸው ዘመን ወግረት መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበራትም፤ የታመመ በቃሬዛ ይወርድ ነበር፣ መንገድ ላይም ይሞት ነበር። አባቶች መርካቶ ላይ ጀርባቸው እስኪላጥ ተሸክመው ባዋጡት ገንዘብ የመጀመሪያውን ጠጠር መንገድ ወደ አገራቸው አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ጠጠር ክብር ሆነ። ልጆቹ ምክንያቱን ረስተው ጠጠሩን ያዙ። ለወግረት ምን እናድርግ በተባለ ቁጥር ከአንዱ ጥግ "ጠጠር!" የሚል ድምፅ አይጠፋም።

ሀፍሷ ከኋላ ተነሣች። ማይክራፎን አልሰጧትም፤ አላስፈለጋትምም።

"ልጆቹ ጠጠር አምጡልን ብለዋል?"

ረዲ ፈገግ አለ። "እትዬ ሀፍሷ፣ እንግዳ ምን ላቅርብልህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ጠይቆ የሚያስተናግድ እኮ ንፉግ ነው።"

ሰዉ "እውነቱን ነው" አለ። በወግረት ልማድ እውነቱን ነበር።

"እማዬስ?" አለች ሀፍሷ። "በምን ትሄድበታለች?"

ይሄን የጠየቀችው ስለ እናታቸው ስለ ሰዓደት ነው። ሰዓደት ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። አዲስ አበባ አምጥተዋት ነበር፤ "እዚህ አገር እግሬ ምንም አይነግረኝም" ብላ ተመለሰች። ወግረት ላይ ግን በየማለዳው ባዶ እግሯን ጀፎረው ላይ ትወጣለች። ከብት የሚረግጠው ሣር አጭር ነው፣ አጥር ሥር ያለው ረጅም ነው፣ ከዛፉ ሥር ያለው ሁልጊዜ ርጥብ ነው። በዚህ እየተመራች ማንም ሳይዛት ጓደኛዋ ሩዋይዳ ቤት ትደርሳለች፣ ያወራሉ፣ ትመለሳለች። ብቻዋን የምታደርገው የቀራት ነገር ይሄ ነው።

"ጫማ እገዛላታለሁ" አለ ረዲ። "ጥሩ፣ የውጭ ጫማ።"

አዳራሹ ሳቀ።

"ለእግሯ ጫማ ገዛህ። ለዓይኗስ ምን ትገዛላታለህ?"

እጅ አውጡ ሲባል ግን ሁሉም አወጣ። ውሳኔው አለፈ። ሀፍሷ በማግሥቱ የፋናን ስልክ ስጠኝ ብትለው ረዲ እንቢ አለ። "እንግዶቼን ልታስበረግጊብኝ ነው? በመጀመሪያው ቀን እናቴን አቅኑልኝ ያልሻቸው አይበቃም?"

ስለዚህ ሱቋን ዘግታ፣ ከሁሉ ቀድማ በአውቶቡስ ወግረት ገባች። ጠጠር የጫነ ሲኖ መኪና ግን ከአውቶቡስ ይፈጥናል። የመንደሩ ራስ ጠጠር ለብሷል፤ ከቪላው በር ፊት እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ከዚያ በታች ገና ያልተደለደለ ክምር ተራ በተራ እስከ እናቷ አጥር ቀርቧል። የተረፈው ሣር በክምሮቹና በአጥሩ መካከል ያለው ጠባብ ጥግ ብቻ ነው። ጥጃ አንዱ ክምር ላይ ቆሞ የሚበላውን አጥቶ ዙሪያውን ያያል።

እናቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። አውራ ጣቷ በጨርቅ ታስሯል።

"ሀፍሷ ነሽ?"

"እኔ ነኝ እማዬ። እግርሽ ምን ሆነ?"

"ምንም። ጠዋት ወጣሁ፤ እግሬ ሌላ አገር ነገረኝ። ዞርኩ፣ ቤቴንም አጣሁት። ጎረቤቴ በሪሁን ነው ያገኘኝ፣ እጄን ይዞ መለሰኝ።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "የረዲ ነው አሉኝ። ዝም በይው። ለበጎ ብሎ ነው" አለች።

ሀፍሷ የእናቷን እግር አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና ጨርቁን ፈትታ በውሃ አጠበችው። ሲኖው ዳገቱን እያቃሰተ ሲመጣ ሰምታ፣ ጨርቁን አስራ ስታበቃ፣ የእናቷን በርጩማ አንሥታ ወጣች። ቀጣዩ ጠጠር የሚደፋበት ቦታ ላይ፣ የሣሩ መካከል አስቀምጣ ተቀመጠችበት።

ሾፌሩ ማሙሸት ወደ ኋላ እየነዳ ሲመጣ አያት፣ ፍሬን ያዘ፣ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"እማማ፣ ይነሡ! ልደፋ ነው!"

"ድፋዋ።"

"እርስዎ ላይ?"

"ሣሩ ላይ ልትደፋ አልነበር? እኔም እንደ ሣሩ ዝም እልሃለሁ።"

"ኧረ እማማ፣ በሰው ላይ ድፋ አልተባልኩም!"

"በሣር ላይ ድፋ ሲሉህስ ምነው አልጠየቅህ? በል፣ ሞተርህን አጥፋው፤ ጭስህ ጥጃውን አሳለው።"

ማሙሸት ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ፣ ከጥላው ሥር ተጋደመ። ሒሳቡ የሚታሰብለት በቀን ስለሆነ አልከፋውም።

ረዲ ነጭ ስኒከሩን ከጭቃ እየጠበቀ መጣ። መንደርተኛው ወጣ። ነገር ባለበት ሽማግሌ አይጠፋምና፣ በዳኝነት የታወቁት ጋሽ ጃፋር ሌሎቹን ሽማግሌዎች አስከትለው ከዛፉ ሥር ተቀመጡ።

"ረዲ ልጃችን ነው" ብለው ጀመሩ ጋሽ ጃፋር። "አገር አይረሳም። መስጊዱን ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው።"

"ጀፎረ ቆርቆሮ አያሻውም ጋሼ" አለች ሀፍሷ በርጩማዋ ላይ እንዳለች። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የበሪሁንን አጥር ማን አፈረሰው?"

በሪሁን ከሰዉ ኋላ ቆሟል፤ ድንች አምራች ነው፣ ከሲታ፣ እጁን ብብቱ ሥር ሸሽጎ። አጥሩን ወደ ጀፎረው በስንዝር ገፋህ ተብሎ፣ ሽማግሌው ፈርዶበት፣ በገዛ እጁ ያፈረሰ ሰው ነው።

"እኛ ነን" አሉ ጋሽ ጃፋር። "ሕግ ነዋ።"

"ይሄስ?"

ጋሽ ጃፋር ክምሩን አዩ፣ ረዲን አዩ፣ የመስጊዱን ጣሪያ አዩ። "ይሄማ ልማት ነው።"

"ምነው እኔም ያን ጊዜ ልማት ነው ባልኩ!" አለ በሪሁን። "አላወቅኩም፤ ድንች ነው ብዬ ቀረሁ።"

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ከዚያ ወንዶቹም ወደ መሬት እያዩ ሳቁ። ሀፍሷ ግን አልሳቀችም። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው" አለች። "ድሃ በስንዝር ይዳኛል፤ ባለ ቪላ በሲኖ ይደፋል። ወንድሜ ነው፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከእናንተ አንዳችሁ ደፍራችሁ አንተ ብትሉት ኖሮ እኔ ደም ሥሬን ገትሬ እዚህ አልጎለትም ነበር።"

"በሰው ፊት አታዋርጂኝ እንጂ እትዬ" አለ ረዲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እማዬን ጎረቤት ጎትቶ ሲያስገባት የት ነበርክ?"

ረዲ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ "ነገ እንግዶቹ ይመጣሉ። እነሱ ይፍረዱ። ጠጠሩ የመጣው ለእነሱ ነው" አለ።

ጋሽ ጃፋር ከዚህ የተሻለ መውጫ አላገኙም። ተስማሙ። እንግዶቹ ከወደዱት ጠጠሩ እስከ መንደሩ እግር ይቀጥላል፤ ካልወደዱት ግን እንደ ማንኛውም ሰው ደንቡ በረዲ ላይ ይሠራል። ሀፍሷ በርጩማዋን ይዛ ገባች። ነገሩ የት ላይ እንደወደቀ ታይቷት ነበር። የእናቷ እግር፣ ዳገት ለደስታ በሚወጡ፣ እሷም እንደ እብድ በቆጠረቻቸው ልጆች አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የአዲስ አበባን ልጅ አፍ ደግሞ ታውቀዋለች። የቀረበለትን ሁሉ "በጣም ይጣፍጣል" ይላል፤ ቢያስመልሰውም።

ቅዳሜ ፀሐይ ሳትበረታ ከላይኛው ኮረብታ ወረዱ፤ ፋና፣ ማዕረግና ጓደኞቻቸው፣ እንደ ጌጥ ዶቃ በቀጭኗ መንገድ ተከታትለው። አቧራና ላብ ፊታቸው ላይ ደርቋል። መንደርተኛው ከሁለቱም ወገን ተሰልፏል። የበዓል ካባ ለብሶ ቪላው በር ላይ የቆመው ረዲ ነው። ሀፍሷ እናቷን ክንዷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

ፋና ከብስክሌቷ ወረደች። ጠጠሩን አየች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር መጣና ወዲያው ተመለሰ፤ ሀፍሷ ግን ገዢ ማየት ሥራዋ ነውና አላመለጣትም።

"እንዴት ነው መንገዱ?" አለ ረዲ እጁን ዘርግቶ። "ለእናንተ ብለን ነው!"

"ውይ… በጣም አመሰግናለሁ" አለች ፋና። "በጣም ያምራል። ደክማችኋል።"

"ሰማችሁ?" ረዲ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ያምራል ብላለች!"

ጋሽ ጃፋር ተነፈሱ። እልል ያለም ነበር። ሀፍሷ የእናቷን ክንድ ጠበቅ አደረገች። እናቷ "ምን አሉ?" ብትላት፣ "ከአንገት በላይ ነው እማዬ፤ ቆይ" አለቻት፤ ግን ራሷም ምን እንደምትጠብቅ አላወቀችም።

ረዲ ምሳ ከመድረሱ በፊት መንደሩን ከራስ እስከ እግር ነድተው እንዲያሳዩ ለመናቸው። ቪዲዮ የሚቀርፅ ሰውም አዘጋጅቷል። ፋና ብስክሌቷን ጎትታ ተነሣች፤ ወደ ጠጠሩ አፍ ቀረበች፤ መሪዋን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረችና በክምሩና በአጥሩ መካከል በቀረው ጠባብ ሣር ላይ ወጣች። ሁለተኛው ተከተላት። ሦስተኛዋም። አንዱም ሆን ብሎ ያሰበበት አይመስልም፤ ውሃ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚዞረው ነው የዞሩት። ማዕረግ ብቻ ይሉኝታ ይዞት፣ ረዲን ላለማሳፈር፣ በጠጠሩ መሐል ገባ። ገና ያልተጠቀጠቀው ጠጠር የፊት ጎማውን ዋጠው። ታገለ፣ ፔዳሉን ገፋ፣ ተንገዳገደ፣ በጎኑ ተኛ። ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ አሪፍ ነው!" እያለ ብስክሌቱን ተሸክሞ ወደ ሣሩ ወጣ።

ብስክሌተኞቹ ሣሩን ይዘው ወደ ታች ሲሄዱ የጎማቸው ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

"አፋቸው አመሰገነ" አለ በሪሁን፤ "ጎማቸው ዞረ።"

አሁን የሳቀ ሰው ሳቁን አልደበቀም። ቪዲዮ ቀራጩ እንኳ ስልኩ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ጋሽ ጃፋር ከጎናቸው ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ተያዩ፤ ወደ መስጊዱ ጣሪያ ግን ያን ጊዜ አላዩም።

"ረዲ" አሉ፣ "ልጃችን ነህ። ጀፎረ የነካ ሰው የነካውን በእጁ ይመልሳል። በሪሁንም በእጁ ነው የመለሰው።"

"ዛሬውኑ ሰው እቀጥራለሁ ጋሼ፤ ሲኖውንም እጠራለሁ!"

"ሲኖው ከጫነው ይልቅ በጎማው የሚያጠፋው ይበልጣል። ሰውም አይቀጠርም። ያጠፋኸው በሌላ ሰው ስም አይደለም፤ በስምህ ነው። ማንሳቱም በእጅህ ነው። ማገዝ የፈለገ ወዶ ያግዝሃል።"

ረዲ ዙሪያውን አየ። ማኅበሩ ውስጥ ያጨበጨቡት፣ ለአረፋ የገቡት የመርካቶ ሰዎች፣ አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ስልክ ደወለልኝ ብሎ ዘወር ይላል። ጠጠር ሲባል የጮኹት አፎች ሁሉ ጠጠር ሲነሣ ወገብ የላቸውም። ማሙሸት ከመኪናው ጥላ ሥር ሆኖ "ጋሼ፣ አካፋ ላውስዎት?" ብሎ ጠየቀ፤ ያ ብቻ ነበር የመጣለት እርዳታ።

ረዲ ካባውን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለ። እናቱ ደጃፍ ካለው ክምር ጀመረ። እየዛቀ በቅርጫት ወደ ቪላው ግቢ ይገለብጣል፤ ግቢው ባዶ ስለሆነ ቦታ አልጠፋም። ፀሐይ ሲበረታ ነጩ ስኒከር መልኩን ለወጠ፣ መዳፉም ውሃ ቋጠረ። ፋናና ጓደኞቿ ተመልሰው መጥተው፣ ነገሩ ሲነገራቸው ደንግጠው "እኛ እኮ ሣሩን ብለን ነው የመጣነው፤ ለምን አልጠየቃችሁንም?" አሉ። እንግዳ አይጠየቅም ተብሎ ለእንግዳ ይነገራል?

ማዕረግ የወደቀበትን ጎኑን እያሻሸ አካፋ አነሣ። ሀፍሷ አየችው። "ይሄስ ደግሞ ለደስታ ነው?" አለችው። ሆኖም ለእሱና ለፋና ከቤት ውሃ አመጣች፤ ጣሳውንም አጥባ ነበር።

"ወገቤን እትዬ" አለ ረዲ፣ ቅርጫቱን አስቀምጦ።

"ወገብህማ ደህና ነው። ለጭብጨባ ስታጎነብስ አይቼዋለሁ።"

ከባዱ ሲነሣ ደቃቁ በሣሩ ሥር ይቀራል፤ ቢጫ የሆነው ሣር ውስጥ ዓይን አያገኘውም። ሰዓደት ክንዷን ከልጇ እጅ አወጣች። በትሯን ለሀፍሷ ሰጠች። ጨርቅ የታሰረውን እግሯን አስቀድማ፣ ቀስ ብላ፣ ረዲ ባጸዳው ቦታ ላይ ወጣች። አንድ ረግጣ ቆመች። ሌላ ረግጣ ቆመች። ጣቷ መሬቱን እንደሚያነብ ሰው ይዳብሳል።

"ረዲ" አለች።

"አቤት እማዬ?"

"እዚህ ጋ ቀርቷል ልጄ።"

ረዲ ተንበርክኮ ከእግሯ ሥር አነሣው። እሷ አንድ እርምጃ ሄደች።

"እዚህም።"

ሀፍሷ ከኋላቸው በትሩን ይዛ ተከተለች። ሩዋይዳ አጥሯ ላይ ተደግፋ እየጠበቀቻቸው ነበር፤ እሷ ጋ ለመድረስ ግን ገና ብዙ ክምር ነበር።